ሻምበል ወንድይራድና የደጃዝማች ግመል ፊርማ

ሻምበል ወንድይራድ ማረፋቸውን በስልክ የነገረኝ የእህታቸው ልጅ ነው። «ጋሼ ካሳሁን፣ ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ደብረ ብርሃን ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ሐዘን ሲመጣብኝ አፌ ቀድሞኝ ይሮጣል። «ስድስት ሰዓት ካላችሁ፣ ሬሳው አምስት ተኩል ላይ ደርሶ ቆሞ ይጠብቃችኋል» አልኩት። ልጁ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። የእኔም ከእሱ አልተሻለም።

በቀብሩ ላይ ከጡረተኞች ማኅበር የመጡ አንድ አዛውንት የሕይወት ታሪካቸውን አነበቡ። በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ወታደር ቤት መግባታቸውን፣ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ሠራዊታችንን ሊያሠለጥኑ ከመጡት እንግሊዞች የጦር ፖሊስነት ትምህርት መማራቸውን፣ ኮርያ ዘምተው በሰላም መመለሳቸውን፣ ከንጉሡ አንድ፣ ከተባበሩት መንግሥታት አንድ፣ ከእንግሊዝ መንግሥት አንድ ሜዳሊያ መሸለማቸውን ዘረዘሩ። ከዚያ «በአሰብ ወደብም አገልግለው በክብር በጡረታ ተሰናብተዋል» አሉና ወደ ልጅ ልጆቻቸው ስም ተሻገሩ።

አለቀ። አሰብ በግማሽ መስመር አለቀች። «በክብር» የምትለዋን ስሰማ ሳቅ አመለጠኝና አጠገቤ የቆሙ ሴትዮ በክርናቸው ጎኔን ወጉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያቺን ግማሽ መስመር ሳልዘረጋት ብሞት፣ ሬሳዬ ከሳጥኑ እየተነሣ ሰው ያስቸግራል።

አሰብን ለማያውቅ ሰው ሙቀቷን መንገር አስቸጋሪ ነው። እውነቱን ብቻ ብናገር ውሸታም እባላለሁ፤ ስለዚህ እንደ ልቤ እጨምርበታለሁ። በሰኔ ወር የገዛ ጥላዬ ከእኔ ተነጥሎ ሄዶ ክሬን ሥር ሲቀመጥ ዐይቻለሁ። መሐንዲስ በሉት ወዛደር፣ ከሥራ ሲወጣ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ ያገለድማል፤ አልጋውን አውጥቶ ደጅ ያድራል። በዚያ አገር ላይ ሻምበል ወንድይራድ ሙሉ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ቀበቶ ታጥቀው፣ ቀይ ጥብጣብ የዞረበት ቆብ አድርገው፣ ጫማቸው ፊት የሚያሳይ ሆኖ በወደቡ ዋና በር ላይ ይቆማሉ። የጫማ ቀለም በአሰብ ሙቀት እንደ ሾርባ ይቀልጣል። የእርሳቸው ግን አይቀልጥም፤ ምናልባት ፈርቷቸው ይሆናል።

ወዛደሩ «እንግሊዙ» ይላቸው ነበር። ሰውየው የመንዝ ሰው ናቸው፤ የሚያውቁት እንግሊዝኛም ሠላሳ ቃል ቢሆን ነው፤ ሃያ ዘጠኙ ትእዛዝ፣ አንዱ ስድብ። ያሠለጠኗቸውን የእንግሊዝ ጦር ፖሊስ በስም ጠርተዋቸው አያውቁም። «ቀዩ ሰውዬ» ነበር የሚሏቸው። «ቀዩ ሰውዬ፣ ቁልፉ የተፈታ ወታደር አፉም የተፈታ ነው ይሉ ነበር» ይሉና የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ያያሉ። እኔ እቆልፋለሁ። ሲዞሩ እፈታለሁ። ሳይዞሩ «ካሳሁን!» ይላሉ። እንደገና እቆልፋለሁ።

እኔ የበር ጸሐፊ ነበርኩ። ወደ ወደቡ የሚገባ ሰው ከእኔ መስኮት የመግቢያ ወረቀት ይወስዳል፤ አምስት እርምጃ ተራምዶ ለሻምበል ያሳያል። ወረቀት የሌለው አይገባም። የመርከብ ካፒቴንም ቢሆን። አንድ ጊዜ አንድ ጄኔራል በመውጫው በር ሊገቡ ሲሉ አስቁመው መዘገቧቸው ይባላል። ሠላሳ ስድስት ዓመት አገልግለው ሻምበል ሆነው የቀሩት ለምን እንደሆነ የጠየቀ ካለ፣ መልሱ ይኸው።

ሦስቱን ሜዳሊያ በተመለከተ፣ ዘመኑ ሲለወጥ የንጉሡን አወለቁ። ታዘው ነው። የእንግሊዙን ሪባን ግን ደረታቸው ላይ ተውት። ከአዲስ አበባ የተመደበልን የወደቡ ካድሬ ጓድ ታምሩ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ መነጽሩ ከፊቱ የሚሰፋ ሰው፣ አንድ ቀን በሁላችን ፊት «ጓድ ሻምበል፣ ይህን የኢምፔሪያሊዝም ቆርቆሮ ምን ይሠራልዎታል?» አላቸው።

«ሰክሮ የቡና ቤት አሳላፊ የደበደበ የእንግሊዝ ሻለቃ ስላሰርኩ የተሰጠኝ ነው።»

ታምሩ ዐይኑ በራ። «ነጭ መኮንን? እርስዎ? ያኔ?»

«ሕጉ ነጭና ጥቁር አይልም። ሰክሮ የደበደበ ይላል።»

በሚቀጥለው የውይይት ክበብ ታምሩ ስለ ሻምበል ፀረ ኢምፔሪያሊስት ትግል አርባ ደቂቃ ተናገረ። ሻምበል ከኋላ ቆመው ሰዓታቸውን ያዩ ነበር።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ። በግራ ደረት ኪሳቸው ጥቁር ሽፋን ያላት ትንሽ ደብተር ነበረቻቸው፤ ከቀዩ ሰውዬ የተማሩት ሥራ በሙሉ እሷ ውስጥ ነው። ጥፋት ያዩ እንደሆነ እዚያው ቆመው ይጽፋሉ፤ ቢሮ ገብተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ አስበው አይጽፉም። ባዶ መስመር አይተዉም፤ በኋላ የሚሞላ እንዳይኖር። ገጽ አይቀድዱም፤ እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር አለው። ሲጨርሱ ደግሞ በአቅራቢያ ያለ፣ በነገሩ የማይነካካ ሰው ምስክር ሆኖ ይፈርማል። በአቅራቢያ ያለው ሰው ምንጊዜም እኔ ነኝ። የሙዝ ልጣጭ የጣለ ሹፌር፣ ቆሞ የሸና በረኛ፣ ሸሚዙን ትከሻው ላይ የጣለ ክሬን ነጂ፤ ሁሉንም መስክሬ ፈርሜያለሁ።

በቀን ስድስት ጊዜ መፈረም ሲሰለቸኝ ጨዋታ ጀመርኩ። አንድ ቀን «ፊታውራሪ ሸርጣን» ብዬ ፈረምኩ። ሻምበል ዐዩ፤ የተጻፈ አይሰረዝምና ደብተሩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱ። በማግስቱ «ወይዘሮ ሀሩር» አልኩ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! በተለይ የምወዳት ፊርማ ግን «ደጃዝማች ግመል» ነበረች። ደጃዝማቾቹ ከየቤታቸው እየተለቀሙ ባለቁበት ዘመን አንድ ደጃዝማች በአሰብ ወደብ በየቀኑ ይፈርም ነበር። ሚስቴ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን «ካሳ፣ አንድ ቀን ይህ እጅህ ያስጨርሰናል» አለችኝ።

ያ አንድ ቀን ሐሙስ ላይ ዋለ።

ከመጋዘኖቹ አንዱ መርከብ በሚጠብቅ የጥጥ ባሌ፣ ተጠቅጥቆ በታሰረ ትልልቅ የጥጥ እስር፣ እስከ ጣሪያው ተሞልቶ ነበር። ንብረት ጠባቂው ተኽለ ይባላል፤ የደቀምሐረ ልጅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ የማያውቅ፣ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ በአማርኛም በትግርኛም በዐረብኛም በገዛ እጁ ጽፎ የለጠፈ ሰው ነው። ያን ጠዋት የቀን ሠራተኞች ስም ዝርዝር ላቀብለው ገባሁ። ሻምበልም በዙር ላይ ነበሩና ተከትለውኝ ገቡ። ጓድ ታምሩ ባሌ ላይ ተደግፎ ያጨሳል። ተኽለ አጠገቡ ቆሞ ማስታወቂያውን ያያል፤ ሰውየውን ማየት ግን አልደፈረም።

«ጓድ ታምሩ፣ ሲጋራውን ያጥፉ» አሉ ሻምበል።

«ጓድ ሻምበል፣ ሰፊው ሕዝብ ላቡን አፍስሶ ላመረተው ጥጥ ከእርስዎ ይልቅ የምቆረቆር እኔ ነኝ።»

«ጥጡ ይህን አያውቅም። ያጥፉት።»

ታምሩ ፈገግ ብሎ ሲጋራውን እንደያዘ በባሌዎቹ መካከል ወደ ውስጥ ዘለቀ። በሌላው በር ወጣ። ሲወጣ እጁ ላይ ምንም አልነበረም። ተኽለ ሮጦ ገብቶ ፈለገ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ ምንም አላገኘንም። ሻምበል ግን ቆመው ይጽፉ ነበር፦ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ጓድ ታምሩ በጥጥ መጋዘን ውስጥ ሲያጨስ ተገኘ፣ እንዲያጠፋ ተነገረው፣ አላጠፋም፣ ሲጋራው የት እንደወደቀ አልታወቀም። «ፈርም» አሉኝ። ተኽለ ንብረቱ በእጁ ስላለ ምስክር መሆን አይችልም። እኔ ፈረምኩ። እጄ ያው ልማዷን ሄደች፦ ደጃዝማች ግመል።

የጥጥን እሳት የሚያውቅ ያውቀዋል። እንደ ቂመኛ ሰው ነው፤ ሆዱ ውስጥ ሰዓታት ከርሞ ነው የሚወጣው። ስድስት ሰዓት ላይ፣ አሰብ በሙሉ ለምሳና ለእንቅልፍ በተበተነበት ሰዓት፣ ከመጋዘኑ ጣሪያ ጭስ ተነሣ። ሁለት ቀን ነደደ። ሰው አልሞተም። ተኽለ ቅንድቡ ተቃጥሎ፣ ቁልፎቹን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎ ከጭሱ ሲወጣ ሁለት ታጣቂዎች ተቀበሉት።

«አሻጥር» ተባለ። በዚያ ዘመን ያቺ ቃል የት እንደምታደርስ ማንም አይጠይቅም ነበር። የተኽለ ታናሽ ወንድም ጫካ ገብቷል የሚል ወሬም ነበረ። በዚያ ላይ ቁልፉ በእጁ ነው፤ የእስረኛ ቃል ደግሞ ሰሚ የለውም፤ ሁሉም ነገር ለከሳሾቹ ገጠመላቸው። ባለቤቱ ለተብርሃን በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዛ ወደ እስር ቤቱ ትሄዳለች፤ በመንገዷ ላይ መስኮቴ ጋ ትቆማለች።

«ካሳ ወንድሜ፣ አንተ ጠዋት እዚያ ነበርክ ይላሉ። እውነት ነው?»

«ለተይ፣ እኔ ወረቀት አቀብዬ ወጣሁ።»

ይቺን ነበር የመለስኩላት። የሠራሁትን ላስውበው ብል አይዋብም።

ስድስተኛው ቀን ላይ ታምሩ መጣ። መስኮቱን ትቶ በበሩ ገባና ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ቆምኩ።

«ሽማግሌው ስለ እኔ ጽፏል አሉ። ፈርመሃል?»

«ጓድ፣ እኔማ በስሜ አልፈረምኩም።»

«በማን ስም ታዲያ?»

ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው መነጽሩን አውልቆ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሰው በቀልዴ እንደዚያ ሲስቅ ዐይቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ቀን ሳቅ አስጠልቶኝ አያውቅም። «ጎበዝ!» አለኝ ትከሻዬን እየመታ። «እንግዲህ ቃጠሎውን ሊያጣራ ከኮሚቴው የሚመጣው ኮሎኔል ግመሉን ያስጠራ። አንተ እዚያ አልነበርክም። ቤተሰብ አለህ አይደል?»

«ሚስትና ሁለት ልጆች።»

«ጥሩ» አለና ወጣ። ልብ በሉ፤ አልጮኸም፣ ሽጉጥ አላሳየም። «ጥሩ» ብቻ ነው ያለው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻምበል ቤት ሄድኩ። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት፤ ቤተሰባቸው ደብረ ብርሃን ነው። ሸሚዝ ሲተኩሱ ደረስኩ። ካውያው እጃቸው ላይ፣ ላቡ ግንባራቸው ላይ።

«ሻምበል፣ ደብተሩን ይስጡኝና በስሜ ልፈርም።»

«ዛሬ ብትፈርም የዛሬ ፊርማ ነው የሚሆነው። ያን ቀን የፈረምክ አስመስዬ ላቀርበው አልችልም።»

«እንግዲያው ገጹን ይቅደዱት! ለእርስዎም ይሻላል!»

ካውያውን አቆሙት። የተቆጡ መሰለኝ፤ አልተቆጡም። «ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ቁልፌን ልቆልፍ ስል «ተወው» አሉ። ያኔ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ የገባኝ።

«ያ ሻለቃ፣ ያሰርኩት» አሉ፣ «በማግስቱ ካደ። ይህ ጥቁር ልጅ ነው የመታኝ አለ። እኔ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ተራ ወታደር ነበርኩ፤ እርሱ ሻለቃ ነው። ምስክሬ ደግሞ የራሱ የሻለቃው ሹፌር ነበር። ቀጭን፣ ፊቱ በብጉር የተሞላ እንግሊዛዊ ልጅ። አለቆቹ መኪና ውስጥ ተኝቼ ነበር በል ብለውት ነበር። ሲጠየቅ ግን ዐይቻለሁ አለ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። በሳምንቱ ወደ ሌላ አገር ላኩት። የት እንደሆነ አልተነገረኝም። ስሙንም አላውቀውም። ቀዩ ሰውዬ ሜዳሊያውን ደረቴ ላይ ሲያደርጉልኝ ልጁ እዚያ አልነበረም።»

ሪባኑን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ሰዉ ሁሉ የእኔ ነው ይላል። እኔ የጻፍኩት ብቻ ነበር። መጻፍ ቀላል ነው፤ ሥራዬ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ከጠየቁኝ ስምህን እናገራለሁ፤ አልዋሽም። የአንተ አፍ ግን የአንተ ነው። ወታደሬ ብትሆን ኖሮ አዝህ ነበር። ለምስክርነት ግን ትእዛዝ የለም። ሚስት አለህ፣ ልጆች አሉህ፤ ባትናገር አልፈርድብህም።» ካውያውን መልሰው አነሡና ጨመሩ፤ «ተኽለም ሁለት አለው።»

ኮሎኔሉ በዐሥራ አራተኛው ቀን መጣ። ሠራተኛው በሙሉ በወደቡ አዳራሽ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ሦስት ቬንትሌተሮች ጣሪያው ላይ ይዞራሉ፤ ሙቅ አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ከማጓጓዝ በቀር ሥራ የላቸውም። ተኽለን አመጡት። ከስቶ ነበር፤ ቅንድብ የሌለው ፊቱ የሌላ ሰው ፊት መሰለ። ለተብርሃንን በር ላይ አስቀሯት፤ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ጣቶቿ ብቻ ይታዩኛል።

ታምሩ ስለ አሻጥርና ስለ ወንበዴ እጅ ረጅም ንግግር አደረገ። በመጨረሻም «አብዮታዊ እርምጃ» አለ፤ ጥይት ማለቱ ነው። ኮሎኔሉ ሸበቶ፣ ድካም የተጫነው ሰው ነው። «የሚጨምር አለ?» አለ።

ሻምበል ተነሡ። ሰላምታ ሰጡ። ደብተራቸውን አውጥተው ገጹን በቁጥሩ ጠርተው አነበቡ።

«ውሸት ነው!» አለ ታምሩ፤ ሆኖም አልደነገጠም። «ጓድ ኮሎኔል፣ ምስክሩ ማን ይላል? ያንብቡልን እስቲ።»

ኮሎኔሉ ደብተሩን ተቀብሎ አነበበ። ቅንድቡን ሰበሰበ። ደግሞ አነበበ። «ደጃዝማች… ግመል?»

አዳራሹ ፈነዳ። በሕይወቴ ካሳቅሁት ሳቅ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ክሬን ነጂዎቹ ጉልበታቸውን ይመታሉ፤ ፍርሃቱ ሁሉ በሳቅ ወጣ። ተኽለ ብቻ አልሳቀም። ኮሎኔሉ ጠረጴዛውን ሲመታ ጸጥ አለ።

«ጓድ ሻምበል፣ ይህ ምንድን ነው? በአብዮታዊ ካድሬ ላይ ክስ ጽፈው ግመል ያስፈርማሉ?»

«የፈረመው የበር ጸሐፊው ካሳሁን ነው። ሲፈርም ዐይቻለሁ።»

«ካሳሁን እዚያ እንዳልነበረ ራሱ ነግሮኛል» አለ ታምሩ።

ኮሎኔሉ ወደ ሻምበል ዞረ። «ጸሐፊው ከካደ፣ ይህ ደብተር የሐሰት ሰነድ ነው። ዛሬውኑ ቀበቶዎን ፈትተው ከዚህ ሰው ጋር አብረው ይሄዳሉ። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል ጌታዬ።»

ሻምበል እኔ ወዳለሁበት አልዞሩም። ሆን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ። ዐይናቸው እንዳያዘኝ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢያዩኝ ኖሮ ለእርሳቸው ስል ተናገርኩ ብዬ እጽናና ነበር፤ ያቺን እንኳ ነፈጉኝ።

«ካሳሁን የሚባለው ይነሣ።»

ተነሣሁ። አፌ ላይ ሦስት ቀልዶች መጡ፤ ሦስቱንም ዛሬ ድረስ አስታውሳቸዋለሁ፤ ሦስቱም ጥሩ ነበሩ። በፍርግርጉ በኩል ጣቶቹን ዐየሁ። ሚስቴን አሰብኩ። ታምሩን ዐየሁ፤ ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀልኝ፣ «ጥሩ» እንዳለኝ ቀን።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ የፈረምኩት። ሲያጨስ ዐይቻለሁ። ሲጋራውን ይዞ ገብቶ ባዶ እጁን ሲወጣም ዐይቻለሁ።»

«አሁንም እየቀለድክ ነው?»

«አይደለም ጌታዬ። የቀለድኩትስ ያን ቀን ነው።»

ኮሎኔሉ ወረቀትና እርሳስ ገፋልኝ። «እስቲ ያንኑ ፊርማ ፈርም።»

ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ። «ደጃዝማች» ለማለት ሙሉ ገጽ ፈጀሁ፤ ግመሉማ እባብ መስሎ ወጣ። ኮሎኔሉ ከደብተሩ ጋር አስተያየው። «አይመሳሰልም» አለ። ታምሩ ፈገግ አለ። ተኽለ ዐይኑን ጨፈነ።

ያኔ ሻምበል ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሩ። «ጌታዬ፣ ልጁ ፈርቷል። ውሃ ይሰጠው።»

ውሃ ሰጡኝ። ግማሹን ሸሚዜ ላይ ደፋሁት። ሁለተኛውን ጻፍኩ፤ ኮሎኔሉ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛውን በግራ እጄ የቀኝ አንጓዬን ይዤ ጻፍኩት። አንድም ሰው አልሳቀም። ኮሎኔሉ ወረቀቱንና ደብተሩን ጎን ለጎን አድርጎ ረጅም ጊዜ ዐየ። የ«መ»ዋን ጭራ በጣቱ ተከተላት፤ አንስቼ አንስቼ እንደ ግመል ሻኛ የማሳብጣት አመል ነበረችኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ታምሩን ዐየው።

«ጓድ ታምሩ፣ እዚህ ይቆዩ። ሌላው ይውጣ።»

ከዚያ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ምን እንደተባለ አልሰማንም። ታምሩ አልታሰረም፤ በሳምንቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ዕድገት አግኝቶ ነው የሚሉም ነበሩ። እኔን ባላባታዊ ማዕረጎችን ለግመል በመስጠቴ ሦስት ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አስደረጉኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከልቤ አደረግኩት። ለሻምበል ደግሞ የጡረታ ደብዳቤ መጣ፤ ሁለት መስመር ናት፣ የምስጋና ቃል የላትም። «በክብር» የምትለዋን ማኅበሩ ነው የጨመረላት።

ተኽለን በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ለቀቁት። ከእስር ቤት ቀጥታ ወደ ወደቡ መጣ፤ የተቃጠለውን መጋዘን ሳላይ ቤቴ አልገባም ብሎ ነው አሉ። ለተብርሃን ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከኋላው ትከተላለች። ሻምበል በር ላይ ነበሩ። የመጨረሻ ቀናቸው ነበር። ተኽለ እጁን ዘርግቶ ሊያቅፋቸው ሲሮጥ መዳፋቸውን ቀጥ አድርገው አስቆሙት።

«የመግቢያ ወረቀት?»

«ሻምበል!» ብዬ ጮኽኩ ከመስኮቴ። «ሰውየው ከሞት አፍ ነው የመጣው! ወረቀቱን ሲያስሩት ወስደውበታል!»

«ሌላ ጻፍለት።»

ጻፍኩለት። ተኽለ ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበላቸው፤ ፊትና ጀርባውን ዐይተው «እለፍ» አሉት። ተኽለ ካለፈ በኋላ ለተብርሃን ተከተለች። ሻምበል ያንኑ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«የመግቢያ ወረቀት፣ እመቤት?»

ለተብርሃን ምሳ ዕቃዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ሻምበል፣ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በየበሩ ወረቀት ስትጠይቁኝ ከረማችሁ። ዛሬ አልሰጥም» አለችና ቀጥ ብላ መጣችባቸው።

እኔ እርሳሴን ይዤ ቀረሁ። ጄኔራል ያስቆሙ ሰውዬ፣ የእንግሊዝ ሻለቃ ያሰሩ ሰውዬ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ። አለፈች። ወደ አመዱ፣ ወደ ባሏ ሄደች። ሻምበል ወደ ነበሩበት ቦታ ተመለሱ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ መስኮቴ ዞሩ።

«ካሳሁን፣ ምን ዐየህ?»

«ምንም አላየሁም ጌታዬ።»

ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።